እስክስታው ሲዲ ላይ እንዴት ገባ?

የዘፈን ቪሲዲ እያየ ያደገ ሰው አንድ ነገር አይረሳም። ዘፋኟ ቆማ ስታዜም ምስሉ ጥርት ይላል፤ ተወዛዋዦቹ እስክስታ ሲመቱ ግን ትከሻቸው እንደ ተበተነ ጡብ ካሬ በካሬ ይሆናል። ሐሙሲትን በመሰለ ገበያ ከሳሙናና ከባትሪ ድንጋይ ጎን ይሸጥ የነበረው ሲዲ፣ «ተጭሯል» ተብሎ ስንት ጊዜ በሸሚዝ ጫፍ ተጠርጓል! ጭረት የሌለበትም ቢሆን እስክስታው ላይ ሲደርስ ይበተን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ቪሲዲ ምስሉ 352 በ288 ነጥብ ነው፤ በሰከንድ 25 ፍሬም ያሳልፋል። ሁሉም እንዳለ ቢጻፍ በሰከንድ 3.8 ሚሊዮን ባይት ይፈጃል። ሲዲው አራት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል፤ አንድ ዘፈን እንኳ ላይጨርስ ነው።

ታዲያ እንዴት ገባ? ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲኬድ የሚገኘውን የፎገራን ሜዳ ካሜራ ተክለን እንየው። ሰማዩ አልተነቃነቀም፣ የሩዙ ማሳም እዚያው ነው፤ አንዲት ላም ብቻ ፈቀቅ አለች። ሜዳውን እንደገና መሳል ለምን? «ያችው ላም፣ ሦስት ነጥብ ወደ ቀኝ» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ቪሲዲውን የሚያዘጋጀው ኮምፒውተርም ምስሉን 16 በ16 ነጥብ በሆኑ ካሬዎች ከፍሎ፣ እያንዳንዱን «ቀድሞ የት ነበርክ?» ይለዋል። የእንቅስቃሴ ግምት የሚባለው ይኸው ነው።

ችግሩ ፍለጋው ነው። በየአቅጣጫው ሰባት ነጥብ ብቻ ይፈለግ ቢባል ለአንድ ካሬ 225 ቦታ መፈተሽ አለበት። ፍሬሙ 396 ካሬ አለው፤ ሲባዛ በሰከንድ 570 ሚሊዮን የነጥብ ንጽጽር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1981 መጨረሻ፣ በእኛ 1974 ዓ.ም.፣ የጃፓኑ ኮጋና ባልደረቦቹ አቋራጭ አመጡ፤ በዚያው ሰሞን ጄይንና ጄይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ሐሳብ አሳተሙ። የእኛ ቴሌቪዥን ያኔ ገና ጥቁርና ነጭ ነበር።

የኮጋ ዘዴ የእረኛ ዘዴ ነው። ላም የጠፋችበት እረኛ ቁጥቋጦ ሁሉ አይገልጥም፤ ከጉብታ ላይ ሆኖ ወዴት እንደሄደች ይገምትና ወደዚያ እየጠበበ ይሄዳል። መጀመሪያ አራት ነጥብ የተራራቁ ዘጠኝ ቦታዎች ይታያሉ። በተሻለው ዙሪያ በሁለት ነጥብ፣ ከዚያ በአንድ ነጥብ ርቀት ፍለጋው ይቀጥላል። በጠቅላላው 25 ፍተሻ፤ ድካሙ በዘጠኝ እጅ ቀለለ።

እረኛው ግን የሰው ላም ተከትሎ ሊሄድ ይችላል። ኮጋም ያሰበው ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ተቀምጦ ለሚነጋገር ሰው ነበር። የእስክስታ ትከሻ አይንሸራተትም፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጥብቆው ይታጠፋል፣ ድሪው ይገለበጣል። ሁሉንም ቦታ የፈተሸ ኮምፒውተር እንኳ የቀድሞውን አምሳያ አያገኝለትም። ያልተገኘው ሁሉ እንደ አዲስ መጻፍ አለበት፤ ቪሲዲ ለምስል የሚሰጠው ግን በሰከንድ 1.15 ሚሊዮን ቢት ብቻ ነው። ሲጠበው የካሬውን ዝርዝር ይጥላል፤ ትከሻውም ካሬ በካሬ ሆኖ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው ኤች 264 በተባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ስልት ካሬው እስከ 4 በ4 ድረስ ተከፋፈለ፤ ትከሻም ከአንገት ይበልጥ ተለይቶ ይፈለግ ጀመር።