ሁለት ቅጂ፣ አንድ ማኅተም

ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ ራስ መኮንን ድልድይን ትሻገራላችሁ። «ራስ መኮንን ወራጅ አለ!» ብላችሁ ትወርዳላችሁ እንጂ ሰውየውን የምታስታውሱ አይመስለንም። እኛም አናስታውስም ነበር። ያስታወሰን ፓስወርድ ነው። አትሳቁ፣ እንነግራችኋለን።

ከዓመታት በፊት አምስት ሆነን በድልድዩ አጠገብ በተከራየናት አንዲት ጠባብ ክፍል ፕሮግራም እንሠራ ነበር። ኮዳችን ያለው ሰብቨርዥን በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው። ሰብቨርዥን ጥሩ ጸሐፊ ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ቁጥር እየሰጠ ይመዘግባል፤ የድሮውንም ቅጂ አይጥልም። እኛ ግን ሰነፍን። ለአምስታችን አንድ ስምና አንድ ፓስወርድ አወጣን።

አንድ ቀን ጠዋት ስንገባ የሁለት ሳምንት ሥራ ተሰርዟል። የድሮው ቅጂ ስለነበረ ሥራውን መለስነው። «ማን ሰረዘው?» ስንል ግን መዝገቡ የሰጠን የጋራ ስማችንን ነው። አምስታችንም «እኔ አይደለሁም» አልን። ተኮራረፍን።

በዚያው ሳምንት ስም የለሽ እንግዳ እንዳያነብም እንዳይጽፍም ሰርቨሩን ዘጋነው፤ ለእያንዳንዳችንም የየራሳችንን ስምና ፓስወርድ አወጣን። ያኔ ሌላ ጉድ አየን። የሰብቨርዥን የራሱ ሰርቨር ካልነገሩት በቀር ፓስወርዶቹን በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚያስቀምጣቸው፤ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ ያነባቸዋል። ስለዚህ በአፓቺ በኩል አዞርነው፤ እሱ ፓስወርዱን ለውጦ ያስቀምጣል። ሥራው ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን በመስኮት ወደ ድልድዩ እያየ «ውጫሌ ላይስ ማኅተም መች ጠፋ?» አለን።

እውነቱን ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የተዋዋሉት ውል በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም እንደሚስማሙና እኩል ዋጋ እንዳላቸው ይናገራል። ሁለት አንቀጽ ከፍ ስትሉ ግን፣ 17ኛው ላይ፣ አይስማሙም። አማርኛው ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መገልገል ይችላሉ ይላል፤ ኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። በዚያው ውል ጉዳይ ወደ ኢጣልያ የተላኩት ያኔ ደጃዝማች የነበሩት መኮንን ናቸው፤ እዚያም ተጨማሪ ውል ፈረሙ።

ማኅተሙን የሰረቀ የለም፤ በሩን የሰበረም የለም። የተለያዩት ቅጂዎቹ ናቸው። ነገሩ የተገለጠው ከአውሮፓ ነገሥታት በመጣ መልስ ነው፤ በኢጣልያ በኩል ጻፉልን አሉ። ምኒልክ በመስከረም 1883 ለንጉሥ ኡምቤርቶ ልዩነቱን ጻፉ፤ በ1885 ውሉን ሰረዙ። በ1888 መኮንን፣ አሁን ራስ፣ አምባላጌ ላይ ጦሩን መሩ። ከዚያ ዐድዋ መጣ። አንድ አንቀጽ ያስከፈለው ይህን ነው።

የኮድ ዓለምም ይህንኑ ትምህርት በራሱ ቁስል ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2003 አንድ ያልታወቀ ሰው የሊኑክስ ከርነል የሲቪኤስ ቅጂ የሚቀመጥበት ሰርቨር ውስጥ ገብቶ ሁለት መስመር ጨመረ። ሁለት የእኩል ምልክት በሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ አደረገ፤ በዚያች ቀዳዳ ተራው ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ ይሆን ነበር። የተያዘው ቅጂው ከዋናው መዝገብ ጋር ሲመሳከር ነው፤ ዋናው መዝገብ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አልነበረም።

በማርች 2021 ደግሞ የፒኤችፒ ሰርቨር ላይ የቋንቋው ጀማሪ የራስመስ ሌርዶርፍ ስም ያለበት የተንኮል ለውጥ ገባ። እሱ አልጻፈውም። በጊት ለውጥ ላይ የሚሰፍረውን ስም ጸሐፊው እንደፈለገ ይሞላዋል፤ ስም ብቻውን ማኅተም አይደለም። ለውጡ በሰዓታት ውስጥ ተገኘ፤ ቡድኑም የራሱን ሰርቨር ትቶ ወደ ጊትሃብ ተዛወረ። ጊትሃብም በዚያው ዓመት ኦገስት 13 ኮድ ለመላክ ተራ ፓስወርድ መቀበሉን አቆመ፤ ቁልፍ ወይም ልዩ ቶክን ይዛችሁ ኑ አለ።

እንግዲህ ፓስወርድ የሚጠብቀው በሩን ነው። ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ ለእያንዳንዱ የራሱ ስም ያስፈልጋል። እውነቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሁለቱን ቅጂ ጎን ለጎን ማንበብ የግድ ነው።

ያቺ ክፍል ዛሬ የለችም። ሥራውን የሰረዘው ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አላወቅንም። በድልድዩ ስናልፍ ግን አሁን ሰውየውን እናስታውሳለን።