የሐኪሞች ረጅም ተረኝነት

የሐኪሞች ረጅም ተረኝነት ሐኪሞች፣ በተለይም ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች፣ ቀኑን ሲሠሩ ውለው ሌሊቱንም ሕሙማንን ሲከታተሉ የሚያድሩበት፣ 24 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ የሆስፒታል ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተለምዶ «ዲዩቲ» ይባላል።

በሥራ ብቃት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

እንቅልፍ ማጣት አስቀድሞ የሚያዳክመው ትኩረትን ነው፤ ቀጥሎ የማስታወስና የማመዛዘን ችሎታ ይቀንሳል። ድካሙ የሚበረታው ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። የደከመ ሰው የድካሙን መጠን በትክክል መገመትም ይሳነዋል። እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ 24 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው ቅልጥፍና በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል።

በ2004 በቦስተን ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በተካሄደ ጥናት፣ በነባሩ ረጅም ፈረቃ የሠሩ ኢንተርኖች ፈረቃቸው ካጠረላቸው ይልቅ 35.9 በመቶ የበለጡ ከባድ ስሕተቶች ፈጽመዋል። ጉዳቱ ለሐኪሙም ይተርፋል፦ በ2005 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ኢንተርኖች ከረጅም ፈረቃ በኋላ መኪና እየነዱ ሲመለሱ የመጋጨት ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ይጨምራል።

የሰዓት ገደቦች

የ18 ዓመቷ ሊቢ ዛየን በ1984 ኒውዮርክ ውስጥ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ መሞቷ ስለ ሬዚደንቶች የሥራ ሰዓት ሰፊ ክርክር አስነሣ። ግዛቱም በ1989 የሬዚደንቶችን ሥራ በሳምንት 80፣ በተከታታይ ደግሞ 24 ሰዓት ላይ ገደበ። የ80 ሰዓቱ ገደብ በ2003 በመላው አሜሪካ ተግባራዊ ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት አማካይ ጣሪያው በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በ2003 ሐኪም በሆስፒታሉ እስካለ ድረስ ቢተኛም ተረኝነቱ የሥራ ሰዓት እንደሆነ ወስኗል።

የገደቡ ወሰን

ፈረቃ ሲያጥር በሐኪሞች መካከል የሕሙማን ርክክብ ይበዛል፤ በርክክብ መካከል ደግሞ መረጃ ይጠፋል። በ2020 በስድስት ሆስፒታሎች የሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ፈረቃው ባጠረበት ጊዜ ስሕተት ጨምሮ አግኝቷል፤ ምክንያቱ አንድ ሬዚደንት የሚይዛቸው ሕሙማን መብዛታቸው ይመስላል። በአንጻሩ በ2014 ይፋ የሆነ የዘጠኝ ሆስፒታሎች ጥናት፣ ርክክብ በወጥ ሥርዓት ሲከናወን ስሕተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለዚህ ሰዓት መቀነስ ሕሙማንን የሚጠብቀው በቂ ሐኪምና የተሟላ ርክክብ ሲታከልበት ነው።