ቀለሙን ማን ይቀባዋል?

አንድ ሰርቨር የትኛውን ዲስክ እንደሚያነብ፣ ማንን እንደሚያስገባና ማንን እንደሚከለክል የሚወስነው ብዙውን ጊዜ ተራ ጽሑፍ ነው። ባለሙያዎች ኮንፊግ ፋይል ይሉታል። በሊኑክስ «ኤፍኤስታብ» በሚባለው ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ከተበላሸ ኮምፒውተሩ መነሳት ሊያቅተው ይችላል። ኤዲተሮች ትእዛዙን በአንድ ቀለም፣ ማስታወሻውን በሌላ ቀለም ለይተው የሚያሳዩት ዐይን ስህተቱን ቶሎ እንዲይዘው ነው።

ታዲያ ይህን ቀለም ማን ይቀባዋል?

ሆላንዳዊው ብራም ሙለናር «ቪም» የተባለውን ኤዲተር ለሕዝብ የለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ቀለሙ የመጣው በ1998፣ ከዕትም 5.0 ጋር ነበር። በዓለም ያለውን የፋይል ዓይነት ሁሉ ግን አንድ ሰው ሊያውቀው አይችልም። ስለዚህ ሥራው ተከፋፈለ። ለየፋይሉ ዓይነት የራሱ የቀለም ሕግ ተጻፈለት፤ በአብዛኞቹ አናት ላይም የኃላፊው ስምና መጨረሻ የተለወጠበት ቀን ሰፈረ። አብዛኞቹ ኃላፊዎች ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ሕጉ ደግሞ አንዴ ተጽፎ የሚያበቃ አይደለም። በ2016 ለርቀት መግቢያ የሚያገለግለው «ኦፕን ኤስኤስኤች» ዕትም 7.3 «ፕሮክሲጃምፕ» የሚል አዲስ ትእዛዝ ይዞ ወጣ። የቀለም ሕጉ አብሮ ካልታደሰ ትክክለኛው ትእዛዝ ቀለም ያጣና ስህተት ይመስላል፤ የተሻረው ግን እንደ ጥንቱ ደምቆ ይቀመጣል። ያረጀ ቀለም ቀለም ከማጣት ይብሳል። ተጠቃሚው አምኖታላ!

ቀለሙ ቢከፋፈልም ወደ ቪም የሚገባውን ለውጥ በመጨረሻ የሚያጸድቀው ለረጅም ዓመታት ሙለናር ነበር። በ1994 በኡጋንዳ ኪባሌ በበጎ ፈቃድ አገልግሏል፤ ቪምን በነጻ እየሰጠም የወደደው ሰው ለኡጋንዳ ሕፃናት እንዲለግስ ይጠይቅ ነበር። ኦገስት 3 ቀን 2023 በ62 ዓመቱ አረፈ።

ፕሮጀክቱ አብሮት አልሞተም። ለዓመታት አብሮት የሠራው ክርስቲያን ብራባንት ከሌሎች ጋር ኃላፊነቱን ተረከበ። በጃንዋሪ 2024 ዕትም 9.1 ለሙለናር መታሰቢያነት ወጣ።

ቪም ወራሽ አገኘ። በየቀለም ሕጉ አናት ላይ ያለው ስም ግን ከባለቤቱ ጋር ዝም ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ማንም አይጮህም፤ ፋይሉ ይከፈታል፣ ቀለሙም ይታያል። ዋሽቶ እንደሆነ የሚታወቀው ሰርቨሩ አልነሳም ያለ ቀን ነው።