የታቆረ ውኃ ቀንና ሌሊት፤ ከመስታወት ገንዳ እስከ ተከዜ ሐይቅ

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዝቋላ ወይም ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርድ መንገደኛ ዛሬ የሚያገኘው ተከዜ አባቶቹ የሚያውቁት አይደለም። በክረምት እየደነፋ፣ በበጋ እየቀጠነ በገደል መካከል ይወርድ የነበረው ወንዝ፣ በ2001 ዓ.ም. የግድቡ ሥራ ከተፈጸመ ወዲህ ሸለቆውን ሞልቶ የተኛ ሐይቅ ሆኗል። በዳርቻውም መረብ የሚጥል የዋግ ወጣት ይታያል። ስለ ግድቡ የኤሌክትሪክ ኃይል በየመድረኩ ሲነገር ኖሯል፤ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን ሌላ ነው። ይኸውም፣ ሰው ያቆረው ውኃ ሕይወት ይዞ እንዲቆይ ቀንና ሌሊት እንዴት ሊንቀሳቀስ እንደሚገባው ታሪክ ያስተማረውን ማስታወስ ነው። ጥያቄው በረቀቀ ሁኔታ የተመረመረው ደግሞ በትልቅ ግድብ ሳይሆን፣ በቤት ውስጥ በሚቀመጥ የመስታወት ገንዳ፣ ማለትም በአኳሪየም ነው።

እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሮበርት ዋሪንግተን እ.ኤ.አ. በ1850 ወርቃማ ዓሦችን፣ የውኃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ የመስታወት ዕቃ አኑሮ ውኃው ሳይለወጥ አብረው መኖር እንደሚችሉ ለሙያ ባልደረቦቹ አስረዳ። በ1853 የለንደን የአራዊት መናፈሻ ለሕዝብ የተከፈተ የዓሣ ቤት አቋቋመ። የዘመኑ ሰዎች ከዚህ ያገኙት ትምህርት፣ ተክሉ ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ዓሣው ይተነፍሳል፣ ስለዚህ ውኃው ዝም ብሎ ቢቀመጥ ጉዳት የለውም የሚል ነበር። ይህ አስተሳሰብ ግን ሌሊትን ረስቷል። ተክል ኦክሲጅን የሚሰጠው ብርሃን ሲያገኝ ብቻ ነው፤ በጨለማ ጊዜ እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳል። ስለዚህ በታቆረ ውኃ ውስጥ ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ማታ ሲዋኝ የታየ ዓሣ ጧት ተንጋሎ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳዩን በሥራ መልስ የሰጠው ዊልያም አልፎርድ ሎይድ ነው። ሎይድ ከፍተኛ ትምህርት የተማረ ሰው አልነበረም፤ የአኳሪየም ዕቃ ነጋዴ ነበር። በ1864 በሐምቡርግ፣ በ1871 ደግሞ በለንደን አጠገብ በክሪስታል ፓላስ ባሠራቸው አኳሪየሞች፣ ከመታያው ገንዳ የሚበልጥ ማከማቻ ከምድር በታች በጨለማ አኑሮ፣ በእንፋሎት ኃይል በሚሠራ ፓምፕ ውኃውን ቀንና ሌሊት ያለ ማቋረጥ አዘዋወረ። አሳቡ ቀላል ነው፤ አየር የሚገባው በሚንቀሳቀስ ገጽ በኩል ስለሆነ፣ ፓምፑ ሊያርፍ የማይገባው ሰው በሚያርፍበት ሰዓት ነው። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለሎይድ የተሰጠው ክብር ከሥራው ያነሰ ነው።

ከዓሣ ይልቅ የባሰ አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘው ኮራል ነው። ኮራል ድንጋይ ቢመስልም ድንጋዩን የሚገነቡት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው። ቀን በሥጋቸው ውስጥ የሚኖሩ አልጌዎች ከብርሃን ምግብ ያዘጋጁላቸዋል፤ ሌሊት ብዙዎቹ እጆቻቸውን ዘርግተው ውኃው ይዞ የሚያልፈውን ያጠምዳሉ። ውኃው ከቆመ ምግቡም አይመጣም፣ ቆሻሻውም አይሄድም። በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይና ከቱቦ የሚወጣ የአየር አረፋ ብቻ ተጠቅሞ ኮራልን በቤት ማኖር እንደሚቻል አስታወቀ። በ1980 ደግሞ ዋልተር አዴይ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ሞልቶ በሚገለበጥ ባልዲ ሰው ሠራሽ ማዕበል አስነሣ። ዛሬ በየቤቱ ይህን ሥራ በኤሌክትሪክ የሚዞሩ ትናንሽ ፕሮፔለሮች ያከናውኑታል። ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ ሌሊት ሲሆን ፍሰቱን እጅግ ይቀንሳሉ፤ ይህ የሰውን እንቅልፍ ለባሕር ማውረስ ይመስላል። ማዕበል ሌሊት አይተኛም፤ ኦክሲጅን የሚጎድለውም ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ኮራል ከዋግ ጋር ምን አገናኘው? ይል ይሆናል። ቢያንስ አንድ ሰው አገናኝቷቸዋል። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ የቀይ ባሕርን የኮራል ዓሦች ሰብስቦ፣ ከዚያ ወደ ደጋው በመውጣት በ1832 ጎንደር ገባ። ስለ ጣና ዓሦችም ጽፏል። ዛሬ በተከዜ ሐይቅ በመረብ የሚያዘው ባርበስ፣ በሳይንስ ላቤዮባርበስ ኢንተርሜዲየስ የተባለው፣ ይህን ስሙን ያገኘው ከሩፔል ነው።

እንግዲህ ወደ ተከዜ እንመለስ። ግድቡ በሁለት አቅጣጫ የጎበጠ የኮንክሪት ቅስት ሲሆን ቁመቱ 188 ሜትር ነው። እያንዳንዳቸው 75 ሜጋዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉት። ሐይቁ ሲሞላ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ይይዛል፤ ስፋቱም 147 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሥራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ የተራራ ናዳ ወርዶ ተጨማሪ የድጋፍ ግንብ አስፈልጎ ነበር።

በዚህ ሐይቅ የሎይድን ፓምፕ ቦታ የያዘው ተርባይኑ ነው። ልዩነቱ፣ የሎይድ ፓምፕ የሚዞረው ለዓሣው ሲባል ሲሆን፣ ተርባይኑ ግን የሚዞረው ለመብራቱ ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ ፍላጎት የሚያይለው አመሻሽ ላይ፣ እንጀራ ሲጋገርና መብራት ሲበራ ነው። ለመሆኑ ይህ ዓሣውን ይጎዳዋልን? በቀላል ስሌት እንየው። ውኃው የሚወርድበት ከፍታ 160 ሜትር ቢሆን፣ አራቱም ተርባይኖች በሙሉ ኃይል ሲሠሩ በሰከንድ 200 ሜትር ኩብ ገደማ ያልፋል። ይህ ለሞላው ሐይቅ በሰዓት ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በሐይቁ ውስጥ ያለ ዓሣ የምሽቱን ፍሰት ከነፋስ ሞገድ ለይቶ አያውቀውም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ያው ፍሰት ሳይቋረጥ ቢቀጥል በቀን 12 ሴንቲ ሜትር፣ በወር ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። በበጋ ወራት ዳርቻው ይሸሻል፤ ሣር የማይበቅልበት ራቁት ጭቃና ድንጋይ ይቀራል።

ጉዳቱም ለሁሉም ዓሣ እኩል አይደለም። አምባዛ እንቁላሉን የሚጥለው በክረምት፣ በሌሊት፣ ውኃ አዲስ በሸፈነው ሣር ላይ ነው፤ እንቁላሉ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይፈለፈላል። ያን ጊዜ ሐይቁ እየሞላ ስለሆነ ጊዜው ይስማማዋል። ቆሮሶ ግን ጎጆውን በጥልቀት በሌለው ዳርቻ ይቆፍራል። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ስለምትይዝ የጎጆው መድረቅ ብዙ አይጎዳትም፤ ጫጩቶቹ ግን ከአፏ ሲወጡ የሚሸሸጉበት ሣርና ጥላ ያስፈልጋቸዋል። ራቁት ዳርቻ ይህን አይሰጥም።

ከግድቡ በታች ነገሩ ይገለበጣል። ሐይቁ የማይሰማው የምሽት ፍሰት ለበጋው ቀጭን ወንዝ ጎርፍ ነው፤ ተርባይኑ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ድርቅ ነው። እንደሌሎች ጥልቅ ግድቦች ሁሉ፣ ከጥልቁ የሚሳበው ውኃ ከገጹ የቀዘቀዘና በኦክሲጅን የደኸየ ሊሆን ይችላል። በአጭሩ፣ ከግድቡ በላይ መቆጠር ያለበት ወር ነው፤ ከግድቡ በታች ደግሞ ሰዓት።

ይህ ሁሉ ለሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ረኃብ ክፉኛ ከመታቸው አካባቢዎች አንዱ ዋግ ነበር። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ የተሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. የጀመረው ጦርነትም አካባቢውን እንደገና ጎድቶታል። ለሕፃን አካል ግንባታ ዓሣን የመሰለ ምግብ በአበርገሌና በዝቋላ ደጃፍ ተገኝቷል። ይህንኑ ዓሣ የሚያኖረው ውኃ የሚለቀቅበት ጊዜ ሲወሰን የመብራቱ ሂሳብ ብቻ መታየቱ ግን ተገቢ አይመስልም። ኃይል ማመንጨቱ ይቁም የሚል የለም። በጥቅምትና በኅዳር፣ ሐይቁ ሞልቶ ዳርቻው ሣር ለብሶ ሳለ፣ የውኃው ከፍታ ለጥቂት ሳምንታት ቀስ ብሎ ቢወርድ፣ ከግድቡ በታችም ዝቅተኛው ፍሰት በሌሊት እንኳ እንዳይቋረጥ ቢደረግ፣ የሚጠፋው ኃይል በሂሳብ ሊታወቅ የሚችል ነው።

ሂሳቡ ግን መለኪያ ይፈልጋል። ለዚህ የተመቸው ሰዓት ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ኦክሲጅን እጅግ የሚያንሰው ያን ጊዜ ነውና። ዓሣ አጥማጁም ማታ የጣለውን መረብ ለማንሣት በጀልባው ላይ የሚሆነው በዚያው ሰዓት ነው። ቴርሞሜትርና ኦክሲጅን መለኪያ ቢሰጠው፣ አጠቃቀሙንም ከባልደረቦቻችን አንዱ ቢያሳየው፣ ከፍ ባለ ወጪ የሚላክ የጥናት ቡድን በዓመት አንድ ጊዜ ከሚያመጣው የበለጠ መረጃ በየጧቱ ይመዘግባል።