ጸሐፊ እንዴት ይሠለጥን ነበር?

እርሳስ መያዝ ጣት ያደክማል፣ አይደል? የጥንት ጸሐፊዎችም ደክሟቸዋል።

ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ በስተሰሜን፣ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚባል ገዳም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ እዚያ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። እሳቸው ራሳቸው በደብረ ዳሞ ሳሉ መጻሕፍት ይገለብጡ ነበር ይባላል።

የቁም ጽሕፈት ሙያ የሚጀምረው ከብዕር አይደለም፤ ከፍየል ቆዳ ነው። ተማሪው ቆዳውን ይነክራል፣ ይወጥራል፣ ይፍቃል። ብራና ሲሆንለት በወስፌ ያሰምረዋል። መቃ ይቀርጻል፤ ከጥላሸት ቀለም ይበጠብጣል። ከዚያ የመምህሩን ፊደል እያየ መገልበጥ ነው፤ አሁንም አሁንም። ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት፣ በዛሬዋ ኢራቅ፣ በሱመር ምድር የነበሩ ተማሪዎችም በእርጥብ ጭቃ ላይ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። እነሱ የእህልና የበግ ሂሳብም ይማሩ ነበር።

ሐይቅ ላይስ መዝገብ አልነበረም? ነበር እንጂ! አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እስከ ዛሬ አለ። በውስጡ የመሬትና የስጦታ ነገር ተጽፎበታል። እንዲህ ያለ ወንጌል ርስት ሲያከራክር ይገለጥ ነበር። ፊደል ያልቆጠረው ባለ መሬት ታዲያ፣ ሌላው ያነበበለትን ከማመን በቀር ምን ምርጫ ነበረው?