ከደብተር እስከ አሬይ፦ በመንደር 8 ስም ሲጻፍ

በምሥራቅ ሱዳን ያለው መንደር 8 የተሠራው በላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች ምክንያት ከቀያቸው ለተነሱ ሱዳናውያን ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ግን ከትግራይ ጦርነት ሸሽተው በሉግዲ በኩል የተሻገሩ ሰዎች ሞሉት። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ምሥራቅ ሱዳን የገባው ስደተኛ ከ40,000 በለጠ። ገዳሪፍ ስላደግሁ፣ ትግርኛና ዓረብኛም ስለምችል፣ ለመዝጋቢዎች አስተረጎምኩ። ከማሽላውም ከብርድ ልብሱም በፊት የሚቀድመው ስም ነበር። ስም? የአባት ስም? ስንት ቤተሰብ? ቀጥል። ስም? የአባት ስም?

ይህ አካባቢ ይህን ጥያቄ ቀድሞም ያውቀዋል። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ አባቴ በኡም ራኩባ መጠለያ ለመዝጋቢዎች ያስተረጉም ነበር። መስመር የተሰመረበት ወፍራም መዝገብ፣ እስክሪብቶ፣ ለየአባወራው አንድ የራሽን ካርድ፤ መሣሪያው ይኸው ነበር። እዚያ ከሰፈሩት መካከል ማንነታቸውን ደብቀው ወደ እስራኤል መሄድን የሚጠብቁ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ 8,000 ያህሉ ከሱዳን በአውሮፕላን ወጡ፤ በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ግን ብዙ ነበሩ። ኡም ራኩባ ከተዘጋ ከዓመታት በኋላ፣ በዚያው በኅዳር 2013፣ እንደገና ተከፈተ። ከመንደር 8 ሰዎች ወደዚያ ሲወሰዱ አባቴ የነገረኝን ሥራ እኔ በስልክ ላይ ስሠራው አገኘሁት።

ኋላ ጃቫስክሪፕት የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ስማር ያ ሰልፍ ከዓይኔ አልጠፋም። ብሬንዳን አይክ የቋንቋውን የመጀመሪያ ቅጂ በኔትስኬፕ ኩባንያ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1995 በ10 ቀን ውስጥ ነው። ብዙ መልሶችን በአንድ ዝርዝር የሚይዘው አሬይ ራሱን ችሎ የመጣው በ1996፣ አዲስ መልስ ከዝርዝሩ ጫፍ ላይ የሚጨምረው ፑሽ ደግሞ በ1997 ነው። መልሱን በአንድ ቫሪያብል ብቻ የያዘ ሰው፣ ሁለተኛው ሰው ሲመልስ የመጀመሪያውን አጥፍቶታል። ባዶውን አሬይ ጥያቄውን ከሚደጋግመው ሉፕ ውጭ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄ በፊት መክፈት ያስፈልጋል፤ ሉፑ ውስጥ የከፈተው በየዙሩ አዲስ ደብተር እየገለጠ አሮጌውን ይጥላል።

በስም መመዝገብም አደጋ አለው። በመንደር 8 ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ የሆነ ሁለት አባወራዎች ተከታትለው ቆመው አይቻለሁ። ስሙን ቁልፍ አድርጎ በኦብጀክት የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሁለተኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያውን ከነቤተሰቡ ይሰርዘዋል፤ አንድም የስህተት መልእክት አያሳይም። በአባቴ ጊዜ ለእያንዳንዱ ካርድ ቁጥር ይሰጥ የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ከሁሉም የከፋው ግን መጥፋቱ ነው። አሬይ የሚኖረው ገጹ ክፍት እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የአንድ ድርጅት ስልክ ባትሪው ሲያልቅ የተጻፈው ሁሉ ጠፍቶ፣ ሰዎቹ ፀሐዩ ላይ ተመልሰው ተሰለፉ። ልጅ ያዘለች እናት የሞተባትን ሰው ስም ሁለተኛ ጊዜ ስትናገር አስተርጉሜያለሁ፤ ይህን ማንም ሊደግመው አይገባም። መድኃኒቱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዋና ዋናዎቹ ብራውዘሮች ውስጥ የገባው ሎካል ስቶሬጅ ገጹ ቢዘጋም መረጃውን ይይዛል። የሚቀበለው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ አሬዩ መጀመሪያ ጄሰን ወደተባለ የጽሑፍ ቅርጽ ይለወጣል፤ መጠኑም 5 ሜጋባይት ያህል ነው። ከዚያ ለሚበልጥ ኢንዴክስድ ዲቢ የተባለ ሌላ የብራውዘር ማከማቻ አለ። ኔትወርክ በሌለበት የሚሠሩ የዳሰሳ ቅጾችም መልሱን ስልኩ ላይ አቆይተው መስመር ሲገኝ ይልካሉ።

ቅጽ የምትጽፉ ወጣቶች ሆይ፣ ማስቀመጡን ለመጨረሻው "ላክ" ቁልፍ አትተዉት። እያንዳንዱ መልስ እንደተሰጠ፣ ቀጣዩ ጥያቄ ከመጠየቁ በፊት፣ አስቀምጡ።