ግጥም ሰጪው አድማጭ

በላስታ አዝማሪን ፈልጎ የሚሄድ አድማጭ እምብዛም አልነበረም። ሰርግ የደገሰ ሰው ልኮ ያስጠራዋል። ሌላው ሰው ግን አዝማሪ የሚያገኘው እንዳጋጣሚ ነው፦ ቅዳሜ ገበያ ሲወርድ፣ ጠጅ ቤት አረፍ ሲል፣ ለገና ወደ ላሊበላ የሚጓዘው ምእመን በሚያድርበት ሜዳ። አዝማሪው መሰንቆውን አንግቶ ከቀዬ ቀዬ ይዞራል፤ ማን እንደሚገጥመው አያውቅም። ማንም ይግጠመው ግን ዘፈኑ የሚሠራው ከዚያ ሰው ጋር ነው። የአገራችን የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ከሁሉ በላይ የተዘለለው የአድማጩ ድርሻ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ ብቻ አይደለም። ያደግሁት ላሊበላ ከተማ ነው፤ ያሳደገችን እናታችን ጠጅ እየጣለች ነው። አርብ ማታ ጠጁ ይጠለላል፤ ብርሌ ማጠብ የኔ ሥራ ነበር። ቅዳሜ ሰው ከገበያ ሲመለስ ቤቱ ይሞላል። ገበሬው ከነጋዴው፣ የሹሙ ዘበኛ ከሸማኔው ጎን መደቡ ላይ ይደረደራል። አዝማሪው ሲገባ ወዲያው አይዘፍንም። እጅ ይነሳል፣ ምሰሶው ሥር ይቆማል፣ ደጋኑን ሙጫ ያስነካል፣ ጭራውን ይቃኛል። ዓይኑ ግን ሰው ላይ ነው። ብርሌ ይዤ በአጠገቡ ሳልፍ ዝቅ ብሎ «ልጅት፣ ያ ጋቢ የደረበው ማነው? አገሩ ወዴት ነው?» ይለኛል። የማውቀውን እነግረዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ሰውዬው አገሩ፣ አባቱና በሬው ሳይቀር በዜማ ሲጠሩለት ይሰማል፤ ይህ እንግዳ እንዴት አወቀኝ ብሎ ይደነግጣል፣ ይኮራል፣ እጁ ወደ ኪሱ ይገባል። የጠጅ ቤት ልጆች ሁሉ ለአዝማሪ ወሬ አቀባይ ነበርን። ዘመድ አዝማዱን፣ ጠበኛውን፣ የሞተበትንና የወለደውን እናውቅ ስለነበር ያለኛ ዘፈኑ ባዶ ይሆንበት ነበር።

ከዚያ ተራው የአድማጩ ነው። አንዱ ብርሌውን ያስቀምጥና «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ዜማውን ሳያቋርጥ ወደሱ ዞር ይላል። ሰውዬው የግጥሙን አንዱን ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በዜማ ይመልሰዋል። ሁለተኛው ስንኝ ሲመጣ ቤቱ ያደምጣል፤ ቤት ከመታና ነገሩ ከገባ ሳቅ ወይም እልልታ ይነሳል፣ በአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጠፋል። ግጥሙ ደካማ ከሆነ አዝማሪው በፈጠነ ልቡ ያቃናዋል፤ ሰጪውን አያሳፍርም። እንዲህ ያለ ትሕትና በሌላ የጥበብ ሰው ላይ አላየሁም።

በደርግ ጊዜ የሆነውን ላንሳ። እናቴ ዘንድ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤ ይዛ የምትመጣ ሴት ነበረች። ልጇ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ከሄደ ቆይቷል፤ ደብዳቤም የለም። ያን ቀን ከእናቴ ጋር ጓዳ ተቀምጣለች። እልፍኝ ካሉት ጠጪዎች መሀል ይህን የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መንገደኛው አዝማሪ ግን ጓዳ ሰው መኖሩንም አያውቅም። ሽማግሌው «ተቀበል!» አሉና እንዲህ ሰጡት፦

አቡነ ዮሴፍ ላይ ቢጋረድም ጉም፣
የሄደው ይመጣል ቤቱን አይስትም።

አቡነ ዮሴፍ ከላሊበላ በላይ የቆመው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራችን ነው፤ ክረምት ከገባ ቀኑን ሙሉ ጉም ለብሶ ይውላል። አዝማሪው ግጥሙን ስለ አገሩ የተባለ መስሎት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ መለሰው። ከጓዳ ልቅሶ ተሰማ። ደጋኑን አላቆመም። ፊቱን ወደ ጓዳው አዞረና በሦስተኛው «የሄደው» ያለውን ትቶ «ልጅሽ» ብሎ ተቀበለው። ቤቱ በሙሉ አብሮ አለቀሰ። እናቴ ወጥታ ለአዝማሪው ጠጅ ቀዳችለት፤ ገንዘብ አልተቀበለችም።

ያን ዘፈን ማን ደረሰው? ሽማግሌው ሰጡ፣ አዝማሪው አዞረ፣ የሴትዮዋ ልቅሶ ቃሉን ለወጠው። ሦስቱ ዳግም አልተገናኙም። ዘፈኑም በሌላ ቦታና በሌላ ሰው ፊት ያው ሊሆን አይችልም ነበር።

ገዥዎች ይህን ኃይል ቀድመው ያውቁታል። የድሮ ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» ብለው ሲያስጠይቁ የአዝማሪንም ቃል ይሰሙ ነበር፤ በየመንገዱ ከሰው ሁሉ ስለሚገናኝ የሕዝቡን ልብ ይዞ ይመጣላቸዋል። ጣሊያኖችም ገብቷቸው ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ ከቆሰለ በኋላ፣ በገበያና በመንገድ ላይ የሚዘፍኑና የሚተርኩ ሰዎች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ አዘዘ። ግራዚያኒ ይህን ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም ጽፎታል። በዚያው ዓመት ክረምት ዋግና ላስታ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ መሪነት አመፁ፤ ደጃዝማቹም በመስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ። መሰንቆ ይዞ ከመዞር በቀር መሣሪያ ያልነበረው ሰው ከአርበኛ እኩል የተፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ጋዜጣ ይዘጋል፣ ስልክ ይቆረጣል። በአጋጣሚ የሚገናኙ ሁለት ሰዎችን ግን ቀድሞ የሚያውቅ ሰላይ የለም።

ሙያው የራሱ ሕግና መደበቂያም ነበረው። አዝማሪዎች ሌላው የማይሰማው የእርስ በርስ ቋንቋ አላቸው፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቋንቋ ጽፏል። ባልና ሚስት አዝማሪዎች እናቴ ቤት ውስጥ በዚያ ቋንቋ ሲነጋገሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንዲት ቃል እንኳ አላስተማሩኝም። የሥራ ዘመናቸውን የሚቆርጠው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ቀን መቁጠሪያ ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለሌለ መሰንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጥር ሲገባና ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይወርዳል። ገና ግን ለኛ ከተማ የተለየ ነው። ንጋት ላይ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ከፊሎቹ ማሜ ጋራ ላይ ከፊሎቹ ከታች ሆነው «ቤዛ ኩሉ» ሲያሸበሽቡ ከየአቅጣጫው የመጣው ሕዝብ ገደሉን ይሞላዋል። ጾሙ ሲፈታ ሕዝቡ ወደየመንገዱ ሲበተን አዝማሪውም ከሱ ጋር ይበተናል። ካህናቱ አዝማሪን በበጎ ዓይን አያዩትም ነበር፤ ዘፈን ነውና። አንድ ደብተራ ግን ቅኔ አዋቂነቱ አላስችል ብሎት ለአዝማሪ ግጥም ሲሰጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

የአዝማሪውን መንገድ የቀየረው አብዮቱ ነው። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ በየቀበሌው፣ በየአውራጃውና በየክፍለ ሀገሩ ኪነት ተቋቋመ። ደሴ ላይ የተቋቋመው የወሎ ኪነት ቡድን የኛን ከተማ ስም ይዞ «ላሊበላ» ተባለ፤ ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ያወጣ ቡድን ነው። ባቲንና አምባሰልን በወጉ ለአገር ሁሉ ስላሰሙ ውለታቸው ትልቅ ነው፤ እኔም በሬዲዮ ስሰማቸው ደረቴ ይነፋ ነበር። ሆኖም መድረክና ፕሮግራም መጣ፣ ወንበሩ በረድፍ ተደረደረ፣ የግጥሙ ይዘት አስቀድሞ ታየ። አድማጩ ጭብጨባ ብቻ ቀረለት። በከተሞቹ ሰዓት እላፊ ለዓመታት የሌሊቱን ጨዋታ ሲዘጋው ደግሞ አጋጣሚው ራሱ ጠፋ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ ሰዓት እላፊው ሲነሳ አዲስ አበባ ካዛንቺስ ላይ አዝማሪ ቤቶች እንደ አሸን ፈሉ። ሰው የናፈቀው ዘፈኑን ብቻ አልነበረም፤ «ተቀበል!» ማለትንም ናፍቆ ነበር።

አዲስ አበባ ለሥራ በኖርኩበት ጊዜ ከአዝማሪም የባሰ ድንገተኛ የሆኑትን አገኘሁ። ላሊበሎች ይባላሉ፤ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ። ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ገና ከአልጋው ሳይወርድ፣ ባልና ሚስት ወይም እናትና ልጅ ከደጅ ቆመው ያለ መሰንቆ በድምፃቸው ብቻ ያዜማሉ። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላዋ ትቀበላለች። የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም እየጠሩ ይመርቃሉ፤ ማታውኑ ከባለሱቅ ወይም ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚመጡት። ገንዘብ፣ እህል ወይም ልብስ ሲሰጣቸው ምርቃቱን ያረዝማሉ፤ በሩ ካልተከፈተ ምርቃቱ ወደ ነቀፋ ይዞራል። ይህን ዜማ ያቆመ ቁምጥና ይይዘዋል የሚል እምነት በላያቸው ስለተጫነ ስንቱ ሲሸሻቸው፣ ከጋብቻም ሲያገላቸው ኖሯል። የከተማችንን ስም ተሸክመው በየአገሩ ደጅ ደጁን የሚዞሩ ሰዎች እንዲህ መገፋታቸው ልቤን ያቆስለዋል። ጃፓናዊው የፊልም ባለሙያ ኢትሱሺ ካዋሴ በ2005 እ.ኤ.አ. ጎንደር ውስጥ ኑሯቸውን በፊልም አስቀርቶታል። አጥርና ዘበኛ ያለው ፎቅ ቤት ሲበዛ ግን የሚዘፈንበት ደጅ እየጠፋ ነው።

ውጭ አገር አድማጭ ከሙዚቀኛ ጋር የሚገናኝበትን ወግ ሳነብ ልዩነቱ ይበልጥ ይታየኛል። በእንግሊዝ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚባል፣ እንደ ኪንግ ክሪምሰንና የስ ባሉ ባንዶች የታወቀ ሙዚቃ ነበር። የስ በ1972 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ክሎስ ቱ ዘ ኤጅ» የተባለው ሥራ 18 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሸክላውን አንድ ገጽ ብቻውን ይዞታል። የእንዲህ ያለ ሙዚቃ ወዳጅ ሙዚቀኛውን አየር ማረፊያ ወይም መጻሕፍት መሸጫ ውስጥ ድንገት ሲያገኘው ዕድሜ ልኩን ያወራዋል። ሆኖም ሥራው ስቱዲዮ ውስጥ አልቆ የመጣ ነውና አድማጩ ከምስጋናና ከፊርማ በቀር የሚጨምርበት ነገር የለም። የኛው ጌታቸው መኩሪያ ግን የላስታውን ልማድ ወደዚያ አገር ይዘውት የሄዱ ይመስለኛል። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ይጫወቱ የነበሩት እኚህ ሰው በ2004 እ.ኤ.አ. አምስተርዳም ላይ ዘ ኤክስ ከተባለው የሆላንድ የሮክ ባንድ ጋር ተገናኙ፤ ጨዋታቸውን ሰሙና የሚቀጥለውን ሥራዬን አጅቡልኝ አሏቸው። በ2006 እ.ኤ.አ. «ሞዐ አንበሳ» ወጣ። አድማጭ ሆኖ ገብቶ ሙዚቀኛ ሆኖ መውጣት ይሏል እንዲህ ነው።

ላሊበላ ላይ ደግሞ ቱሪስት ሲበዛ አዝማሪው ለእንግዳ መዝፈን ተማረ። አስጎብኚው በጆሮው የእንግዳውን ስምና አገር ይነግረዋል፤ ልክ እኔ በልጅነቴ እንደማደርገው። እንግዳው ቃሉን ባይሰማም ስሙ ሲጠራ ፊቱ ያበራል። አንዳንድ ሰው ይህን ለገንዘብ የተደረገ ብልሽት ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ማን እንደመጣ ጠይቆ ለመጣው ሰው መዝፈን የሙያው መሠረት ነው። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ላሊበላ ገባ፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮም የአማራ ክልል በግጭት ውስጥ ነው። መንገድ ሲዘጋ፣ ሰው ከመሸ ከቤቱ ሳይወጣ ሲቀር፣ በአጋጣሚ መገናኘት ላይ የተሠራ ሙያ ከሁሉ ቀድሞ ይጎዳል። መሰንቆውን አስቀምጦ የቀን ሥራ የገባ አዝማሪ አውቃለሁ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። በየቤታችሁ ሰርግ ላይ ወይም ጠጅ ቤት የተቀዱ የድሮ ካሴቶች ያሏችሁ ሰዎች ትኖራላችሁ። ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ስትገለብጧቸው፣ ስታሳጥሯቸው፣ መጀመሪያ የሚቆረጠው ጫጫታ የተባለው ድምፅ ነው፤ «ተቀበል!» የሚለው ሰው፣ ስንኙን በሻከረ ድምፁ የሚሰጠው ሰው። አትቁረጡት። ሰጪው ማን እንደነበር የሚያውቅ አዛውንት በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ጠይቁትና ስሙን ከአዝማሪው ስም ጎን ጻፉት።